የቦራ ገመድ

«እሷማ ተምራ ጨርሳለች፤ አሁን የቀረኝ ልጁ ነው» አሉ አቶ ሙጬ፣ ማሳ ማዶ ካለ ሰው ጋር እንደሚያወሩ ሁሉ ጮክ ብለው። ልጃቸው አቻምየለሽ ከጓሮው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብላ ፊቷን እየታጠበች ነበር። በመዳፏ የያዘችው ውኃ በጣቶቿ መሃል ሾልኮ እስኪያልቅ ድረስ እንደጎነበሰች ቀረች። አባቷ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከቡሬ መጥተው በሯን ካንኳኩ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም። እሷ ለመታጠብ ዞር ስትል እሳቸው ግቢው ውስጥ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከቤት አከራይዋ ከወይዘሮ ሰርካለም ጋር ወግ ጀምረዋል። «ታድለዋል አያ ሙጬ» አሉ ወይዘሮ ሰርካለም፤ «ስንቱ ልጁን ሳያስጨርስ ይቀራል።» «ተመስገን ነው። ወረቀቷ ኸግድግዳው ተሰቅሎ አለ፣ ማኅተም ያለበት። ቤቴ የገባ እንግዳ ሁሉ ሳያየው አይወጣም።»

ያን ወረቀት አቻምየለሽ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ የዩኒቨርሲቲ ነጥብ ሳይመጣላት በቀረበት ዓመት፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሦስት ወር የኮምፒዩተር ጽሕፈት ተምራ የተሰጣት የምስክር ወረቀት ነው። ዳር ዳሩ በወርቃማ ሐረግ ተጊጧል፤ ከግርጌው ክብ ማኅተም አርፎበታል። ወደ አገር ቤት ይዛው የገባች ዕለት እናቷ እንቁ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ከማርያም ሥዕል ጎን ሰቀለችው። አባቷ ጠቦት አረዱ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ተመረቀች። ማንበብ ለማይችል ሰው ማኅተም ሁሉ አንድ ነው። «ይኼ እኮ የሦስት ወር ነው» የምትለዋ ቃል ጠቦቱ ከመታረዱ በፊት ብትወጣ ኖሮ ወጥታ ነበር፤ ከታረደ በኋላ ግን ማን ወንድ ያውጣት። እንዲሁ ዛሬ ነገ ሲባል አምስት ዓመት ሆነው። አቻምየለሽ አልዋሸችም። ዝም ነው ያለችው፤ ዝምታ ደግሞ ከውሸት ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው።

ዛሬ ግን ልትነግራቸው ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትሰናዳበት ከርማለች። የምትሠራው ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ የባለጉዳይ ማመልከቻና የኮሌጅ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ስትተይብ ትውላለች። ስንቱ በእሷ ጣት ተመርቋል። ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ኮሌጅ በቅዳሜና እሑድ በሒሳብ አያያዝ ማስተማር ጀምሯል ሲባል ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። ከደመወዟ ላይ ግን በየወሩ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለሚማረው ለወንድሟ ለይታገሱ ትልክለታለች፤ ይህን የደነገጉት አባቷ ናቸው፤ አንዷ ደመወዝ ደግሞ ሁለት ተማሪ አትችልም። ስለዚህ ከአባቷ የምትፈልገው ብር አይደለም፤ አንድ ቃል ነው፤ «ኸዚህ ወር ጀምሮ ደሞዝሽ ለራስሽ ይሁን» የሚል። እንግዲህ ይኸው ሰውየው ግቢ ለግቢ ተምራ ጨርሳለች እያሉ እያወጁላት ነው። ተምራ የጨረሰች ሰው ትምህርት ልጀምር ብላ እንዴት ትጠይቃለች?

ፊቷን አደራርቃ ስትገባ አባቷ ቀድመዋት ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንበር የለም። ቤቷ አራት እርምጃ ናት። ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ነው፤ ነፋስ በገባ ቁጥር ይነፋል፣ ይሟሽሻል። አንድ ጀሪካን፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ልብስ የሚንጠለጠልባት አንዲት ሚስማር፣ ይኸው ነው። ለዚችም ወይዘሮ ሰርካለም በአንድ ዓመት ሁለቴ ኪራይ ጨምረዋል። አቶ ሙጬ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ቤቱን በዓይናቸው አንዴ ገረፍ አደረጉና አሞገሱት፤ ግድግዳው ልስን ነው፣ መብራቱ ደህና ነው። ቀጥለው ጋቢያቸውን ገለጥ ሲያደርጉ ተጠቅልሎ ከትከሻቸው ወደ ብብታቸው የወረደ የጠፍር ገመድ ታየ። አቻምየለሽ ገመዱን ወዲያው አወቀችው።

«ቦራን ሸጡት?»

«ትናንት ቡሬ ገበያ ወጣ። ኸገበያው ቀጥታ ኸዘመድ ቤት አድሬ መጣሁ።» ገመዱን በመዳፋቸው ደባበሱት። «ገዥው ገመዱን ጨምርልኝ ብሎ ሞግቶኝ ነበር። ገመድ ይሸጣል ወይ? ከብት ኸግቢ ሲወጣ ገመዱ አይከተለውም። ኸተከተለው ችካሉ ባዶ ይቀራል። ገመዱ ኸቤት ኸቀረ ግን የሚታሰርበት ሌላ ይመጣል። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርግ።»

ቦራን ከጥጃነቱ ጀምሮ ታውቀው ነበር፤ ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ ስታክለት ዓይኑን ይከድን ነበር። አሁን ያ በሬ ላፕቶፕ ሊሆን ነው። «ልጁ ያለሱ መማር አልቻልሁም አለ» አሉ አባቷ፤ «በጓደኛ ማሽን እየለመንሁ እስከ መቼ አለ። ነገ ኸቡሬ ወደ ጅማ የሚነሣ የጎረቤት ልጅ አለ፣ እሱ ያደርስለታል። እኔ በሬ እንጂ ይኸን አላውቅም። አንቺ የተማርሽበት ነው፤ አንቺ ምረጭለት።» ይታገሱ የሚፈልገውን በስልኳ ልኮላታል፤ ኮር አይ ፋይቭ ይሁን፣ ራሙ ከስምንት አይነስ፣ ኤስኤስዲ ይኑረው፣ ከሥሩ ደግሞ «እህቴ አንቺ ታውቂያለሽ» የሚል ተጽፏል። ሻይ አፍልታ ከዳቦ ጋር አቀረበች። አባቷ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ።

«አባባ» አለች።

«አቤት።»

ልትነግራቸው ቀና አለች። የአባቷ ዓይን ግን ያን ወረቀት የሚያዩበት ዓይን ነበር። «ሻዩ እንዳይቀዘቅዝብዎ» አለች።

አሠሪዋን ሠርክአዲስን ደውላ ግማሽ ቀን አስፈቀደችና ወጡ። ጥር ነው፤ አዝመራው ገብቷል፤ ሰሞኑን መንገዱ ክፍት ነው ስለተባለ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው አስፋልቱን ሞልቶታል። ባጃጁ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። አቶ ሙጬ ያገኙትን ሁሉ «እንዴት አደራችሁ» እያሉ ይሄዳሉ፤ ከተማ ውስጥ የማያውቁት ሰው ሰላም ሲላቸው ግራ የሚጋቡትን ሰዎች አቻምየለሽ ከኋላ ሆና ታያለች። ድሮ ታፍር ነበር። ዛሬ ግን ከኋላቸው ስትሄድ ያየችው የጋቢያቸውን ጀርባ ነው፤ ገመዱ ከሥሩ ጉብታ ሠርቷል። አባቷ በሬ ሸጠው ገበያ ሲመጡ ይህ ሁለተኛቸው ነው። የመጀመሪያው ለይታገሱ የመሰናዶ ትምህርት ነበር። የሚቀጥለው ለእኔ ቢሆንስ ብላ አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ በረቱ ውስጥ የቀረው አንድ በሬ ብቻ መሆኑ ትዝ አላትና አሳቧን ተወችው።

መጀመሪያ የገቡበት ሱቅ መስተዋት በመስተዋት ነው። ላፕቶፖቹ ተከፍተው ተደርድረው ይብለጨለጫሉ። ሻጩ ፀጉሩን ከጎንና ከጎን የተላጨ፣ አዲስ አበባ ሁለት ወር ከርሞ ሁለት ዓመት የሚያወራ ዓይነት ነው። «ፋዘር፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው። ስሊም ነው። ስፒድ ቢሉ ስፒድ፣ ባትሪ ቢሉ ቀኑን ሙሉ። ልጅዎ ይመርቅዎታል» እያለ ማስታወቂያውን ለቀቀባቸው። አቶ ሙጬ እስኪጨርስ ቆመው አዳመጡት። ከዚያ ዱላቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ማሽኑን በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉት፣ ክብደቱን ለኩ፣ የበሬ ሆድ እንደሚዳስሱ መዳፋቸውን ከሥሩ ለጠፉ። «ትኩሳት አለው» አሉ። ሻጩ ሳቀ። አቻምየለሽ እጇን ሰድዳ ብትነካው ግን በእርግጥም እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ማራገቢያውም ያለ ቅጡ ይጮኻል። ዋጋውን ጠየቀች፤ ስልሳ ስምንት ሺህ። አመስግነው ወጡ። «ሻጭ እንዲህ የሚያሞግሰው በሬ» አሉ አባቷ መንገድ ላይ፣ «ሲጠመድ ይተኛል።» አቻምየለሽ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ቀጥለው የሄዱት ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለችው ወደ ኮምፒዩተር ጠጋኙ ወደ ደረሰ ቤት ነው። ደረሰ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚያኖር፣ ሥራ ሲይዝ ቀና የማይል፣ አርባ የደፈነ ሰው ነው፤ የእሷንም መሥሪያ ቤት ማሽኖች የሚጠግነው እሱ ነው። ቤቱ ሆዱ በተዘረገፈ ኮምፒዩተር ተሞልቷል። አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ አለኝ ብሎ አወጣላቸውና ገመዱን ከግድግዳው ሶኬት ጋር አገናኝቶ ከፈተው፤ አንድም ቃል አላሞገሰውም። አቶ ሙጬ ይህን ወደዱለት። አጠገቡ ካለች በርጩማ ላይ ቁጭ አሉና ምርመራቸውን ጀመሩ። ዕድሜው ስንት ነው? አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ባለቤቱ ለምን ሸጠው? ወደ ባሕር ዳር ተዛወረ፣ አዲሱ መሥሪያ ቤት ሌላ ሰጠው። ያነክሳል? ደረሰ ቀና ብሎ አያቸው። «ቀኝ ማጠፊያው ትንሽ ላላ ብሏል። ሌላ ነውር የለበትም።» አቶ ሙጬ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው፣ «ነውሩን ኸነገረሽ ሰው ግዥ» አሉ። ከዚያ ከማሽኑ ወጥቶ ግድግዳው ላይ የተሰካውን ጥቁር ገመድ በዱላቸው ጫፍ አመለከቱ። «ይኸስ፣ ታስሮ ነው የሚውል?»

«አይ አባት፣ ሲፈታም ይሠራል» አለ ደረሰ፤ ገመዱን ነቀለው። ማሽኑ እንደበራ ቀረ። አቶ ሙጬ በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቻምየለሽ ውስጡን አየች፤ ይታገሱ የዘረዘረው ሁሉ አለው። ስክሪኑን በነጭ ሞልታ የሞተ ነጥብ ፈለገች፣ የለም። ከሥሩ ዳበሰችው፣ ለብ ያለ ነው። ሠላሳ ስድስት ሺህ ተብሎ በአባቷ ምርቃት ሠላሳ አራት ገባ። «ይጠመድ እንጂ» አሉ አቶ ሙጬ ድንገት። «በሬ ሳይጠመድ ይገዛል? እስቲ አንቺ ጥመጅው፣ ሲሄድ ልይ።» ደረሰ የአማርኛ መተየቢያው ፓወር ግዕዝ ተጭኖበታል ብሎ ባዶ ገጽ ከፈተላትና ወንበሩን ለቀቀላት።

ተቀመጠች። በሥራዋ ቦታ ያለው የቁልፍ ሰሌዳ ፊደሉ ሁሉ ተፍቆ አልቋል፣ «ን» ደግሞ ሁለቴ ካልተመታች አትወጣም፤ ከጀርባዋ ሁልጊዜ አንድ የቸኮለ ባለጉዳይ ቆሞ ይተነፍስባታል። ይኼኛው ግን ገና ሲነኩት እሺ ይላል። ጣቶቿ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንደሚሞክር ሰው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉትና ሄዱ። አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ስም፣ የሰው ጉዳይ፣ የሰው መመረቂያ ስትጽፍ ኖራለች፤ ለራሷ የጻፈችው አንድ ገጽ የለም። እጇን ማን እንደመራው አታውቅም። ሁለት ሳምንት በልቧ ስታሰካካው የከረመችው ነገር መስመር በመስመር እየወረደ ገጹን ሞላው። የአባቷን መኖርም፣ ቤቱንም ረሳችው። ይህ ማሽን ዛሬ ማታ ከአጠገቧ ቢያድር፣ ነገም ቢኖር፣ ቅዳሜ በቦርሳዋ ይዛው ክፍል ብትገባ፤ እንዲህ እያለች ልቧ እስኪያማት ድረስ ተመኘችው። ቀና ስትል አባቷ ዱላቸውን ተደግፈው ጣቶቿን እያዩ ነበር፤ እንዲህ ሲያዩዋት ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ስትሠራ አይተዋት አያውቁም።

«ፊደሉን ይዩት አባት፣ እንዴት ጥርት ብሎ» አለ ደረሰ፤ ማሽኑን ወደ እሳቸው አዞረው።

«እኔ ምን ፊደል አውቄ። አንብብልኝ እንጂ።»

አቻምየለሽ እጇን ዘረጋች፤ ግን ዘገየች። ደረሰ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ እንደ ችሎት ጸሐፊ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀምሯል። «ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ምዝገባን ይመለከታል። እኔ አመልካች አቻምየለሽ ሙጬ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቴን ካጠናቀቅሁ በኋላ ላለፉት አምስት ዓመታት ትምህርቴን ሳልቀጥል የቆየሁ ሲሆን፣ በሒሳብ አያያዝ በዲግሪ መርሐ ግብር ለመማር ከፍተኛ ፍላጎት ስላለኝና ምዝገባውም ሰኞ የሚያበቃ በመሆኑ…» እዚህ ላይ የልጅቷን ፊት አየና ድምፁ ወረደ። አቻምየለሽ ዓይኗን ቁልፎቹ ላይ ተከለች።

«እስቲ ኸመጀመሪያው ድገምልኝ ወንድሜ» አሉ አቶ ሙጬ።

ደረሰ ወደ እሷ አየ። ዝግ ባለ ድምፅ ደገመው። አባቷ ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ አዘንብለው እያንዳንዱን ቃል አዳመጡ። ሲያበቃ፣ «ፊደሉስ ጥርት ያለ ነው» አሉ፤ «ይኸው ይሁን።» ከኪሳቸው በጨርቅ የተቋጠረውን ብር አወጡ። ደረሰ ማሽኑን ከአንድ ያገለገለ ቦርሳ ጋር ሰጣቸው፤ ገመዱን ጠቅልሎ በራሱ ማሰሪያ አስሮ ከጎን ኪስ ከተተው።

ከዚያ እስከ መናኸሪያው ያለው መንገድ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ለአቻምየለሽ ግን ከቡሬ ይልቅ ራቀባት። አባቷ ቦርሳውን በጋቢያቸው ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፈው ይሄዳሉ፤ አሁን ማንንም ሰላም አይሉም። እሷ ከጎናቸው ናት። ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ያ ኸግድግዳው የሰቀልነውስ?» አሉ በመጨረሻ።

«የሦስት ወር ነው አባባ።»

«ሦስት ወር።» ጥቂት ሄዱ። «ማኅተም አለው እኮ።»

«ማኅተምማ አለው።»

አንድ ባጃጅ አልፏቸው እስኪሄድ ቆሙ። አቻምየለሽ አሁን ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር ገባት። ለይታገሱ በየወሩ የምልከውን ካቆምሁ መመዝገብ እችላለሁ አለች፤ ከእርስዎ ምንም አልፈልግም፤ ቃልዎን ብቻ። ሁሉንም ብላ ጨረሰች። አቶ ሙጬ ዱላቸውን መሬት ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ተከል ተከል አደረጉ። «ያጋመሱት ማሳ ጥለውት አይወጡም» አሉ። ይህ ስለ ይታገሱ ነው፤ ልጁ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። እሷም ገብቷታል፤ የእሷ ማሳ ገና አልተነካም፤ ጦም ቢያድር ማን ያይበታል። «እሺ አባባ» አለች። እንባዋን ለመመለስ ወደ ሰማይ አየች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

መናኸሪያው ውስጥ «ቡሬ ቡሬ» የሚል ጥሪ ይሰማል። ምሳ ልጋብዝዎ ብትል መንገዱ እንዳይዘጋብኝ ብለው እምቢ አሉ። መስኮቱ ጋ ተቀመጡ፤ ቦርሳው ጭናቸው ላይ ነው። እሷ ከውጭ ቆማለች። ለእናቷ ሰላምታ ላከች፤ እሳቸውም መሬት መሬት እያዩ አደርሳለሁ አሉ። ሚኒባሱ ሲነሣ ድንገት የቦርሳውን የጎን ኪስ ከፍተው የተጠቀለለውን ጥቁር ገመድ አወጡና በመስኮቱ ሰደዱላት። «ያዢው» አሉ። «የሚወጣ ከብት ገመዱ አይከተለውም። ኸአንቺ ይቅር። ላንቺም የሚታሰርበት ይመጣል።» አቻምየለሽ በሁለት እጇ ተቀበለች። አፏን ልትከፍት ስትል መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ወጣ።

እዚያው ቆማ ቀረች። በእጇ የያዘችው ቻርጀር ነው። ያለሱ ያ ማሽን አራት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፤ ነገ ጅማ መንገድ ላይ፣ ከነገ ወዲያ በይታገሱ ጠረጴዛ ላይ እንደ ሞተ ከብት ይጋደማል። የምታውቀው ይህን ነው። ሆኖም አባቷ በሕይወታቸው ለእሷ ያወጡት ቃል ቢኖር ይኸው ነበር፤ ላንቺም ይመጣል። ገመዱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ብትይዘው ወንድሟን ትጎዳለች፤ ብትመልሰው ምርቃቷን ትመልሳለች፤ አባቷንም በሰው ፊት አላዋቂ ልታደርግ ነው። ለአፍታ ያህል፣ የእውነት ለአፍታ፣ ልያዘው ብላ ነበር። ከዚያ ከከተማው መውጫ ያለው ኬላ ትዝ አላት። መንገዱ ክፍት ነው ቢባልም ፍተሻው አይቀርም፤ ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ ይሰለፋል። ባጃጅ ጠርታ ገባች።

ደርሳ ስታይ ወንዶቹ በአንድ በኩል ተሰልፈዋል። አባቷ ተፈትሸው ጨርሰው ቦርሳቸውን አቅፈው ከመኪናው ጥላ ሥር ቆመዋል። ሲያዩዋት ደነገጡ፤ ምን ሆንሽ አሉ። አጠገባቸው ሌሎች ሰዎች አሉ፣ ጆሯቸውን የቀሰሩ። እንዴት ብላ እንደምትናገር መንገድ ላይ ስታስብ መጥታለች።

«አባባ፣ ይኼ ገመዱ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«መኖው ነው። ሲፈታ ጥቂት ይሠራል እንጂ ማታ ማታ በዚህ ካልበላ አይነሣም።»

አቶ ሙጬ ቻርጀሩን ተቀብለው ሹካውን፣ ሽቦውን፣ ጫፉን አገላብጠው አዩት። «ለገመድነቱማ ቀጥኖብኝ ነበር» አሉ። የፊታቸው ቆዳ ሲፈታ አየች፤ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ቻርጀሩን መልሰው ከጎን ኪሱ ከተቱና ዚፑን ሁለቴ ጎትተው አረጋገጡ። ሾፌሩ ግቡ ግቡ ማለት ጀምሯል። አባቷ ግን አልተንቀሳቀሱም፤ ባዶ እጇን እያዩ ነበር።

ጋቢያቸውን ገለጡ። የቦራን ገመድ ከትከሻቸው ላይ አወለቁት፤ ብዙ ጊዜ ስለታጠፈ ተጣብቆ ነበርና አላቀቁት። ሰዎቹ ያያሉ። «ያዢ» አሉ።

«የቤቱ ነው እኮ አባባ። ችካሉስ?»

«የቤቱማ ነው» አሉ። «አንቺስ የማን ነሽ?»

ጠፍሩ ከትከሻቸው ሙቀት ጋር እጇ ላይ አረፈ፤ የበሬው ሽታ አለቀቀውም። አቶ ሙጬ አንድ እግራቸውን መኪናው ውስጥ አስገብተው ዞር አሉ። «ወረቀቱ ሰኞ ነው አይደል ያለው?»

«ሰኞ ነው።»

«የወሩን ነገር ለይታገሱ እኔ እነግረዋለሁ» አሉና ገቡ። በመስኮቱ መለስ ብለው አላዩዋትም። ሚኒባሱ ከኬላው ወጥቶ ከባሕር ዛፎቹ በስተጀርባ እስኪሰወር ድረስ አቻምየለሽ አልተነቃነቀችም። እቤት ሲገቡ ያን ወረቀት ከግድግዳው ያወርዱት ይሆን፣ ወይስ እንደተሰቀለ ይተውት ይሆን ብላ አሰበች። እናቷ ምን ትል ይሆን። ከአባቷ ጋር አብራ መሳፈር፣ ቦራ የታሰረበትን ችካል ማየት፣ እስከ ሰኞ እዚያ መሆን አማራት። ሥራ ግን አለ፤ ሠርክአዲስ የፈቀደችላት ግማሽ ቀን አልቋል።

በእግሯ ተመለሰች። ጉርድ ቀሚስ የለበሰች፣ ቦርሳ ያንጠለጠለች የከተማ ልጅ የበሬ ጠፍር በትከሻዋ አጣፍታ ስትሄድ ያየ ሁሉ ዞር ብሎ ያያታል። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ስትደርስ ተሳፋሪ የሚጠብቅ አንድ ባለባጃጅ አንገቱን አወጣ።

«እህቴ፣ በሬው ጠፋብሽ እንዴ?» አላት።

«አልጠፋም» አለችው አቻምየለሽ ሳትቆም። «ሰኞ ይመጣል።»